ባዶ ሳህን አይመለስም

ሳህኖቼ ተመልሰዋል። ታጥበው፣ ተወልውለው፣ በጥቁር ፌስታል ተቋጥረው ዛሬ ጠዋት ደጃፌ ላይ አገኘኋቸው። ባዶ ናቸው። ቁንጣሪ ጨው እንኳ የለባቸውም። ልጄ አዳማ ነው የምትኖረው፤ ደውዬ ብነግራት «እና ምን ይሁን እማ? ሳህንሽን አገኘሽ አይደል?» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ ያደገችው በሌላ ዘመን ነው። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ምሳም አልበላሁም። የመለሰችው ፎዚያ ናት፣ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን የጓሮ ክፍል የተከራየች፣ ከሚኤሶ የመጣች ልጅ እግር እናት። ለምን ባዶውን እንደመለሰችው አውቃለሁ። ያስመለስኳት እኔው ነኝ፣ በዚች መርዘኛ ምላሴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከሰዓት ግቢው ጥላ ሥር ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ነጭ ሽንኩርት እንልጣለን። ወሬው የዘይት ነው፤ ዛሬ ጭሮ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከተገናኙ ወሬው የዘይት ነው። የላጥነውን የማደርግበት ሳህን ፍለጋ ገባሁና አጣሁ። ሳህኖቼ አንድ በአንድ ወደ ፎዚያ ቤት ሄደዋል፤ ዛሬ ምስር፣ ሌላ ቀን ቂጣ፣ ሌላ ቀን ሩዝ ለልጆቿ እያልኩ ስልክላት፣ ሄደው ቀርተዋል። እሷ ቧንቧው አጠገብ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። እኔም ጎረቤቶቼን ለማሳቅ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ኧረ አቦ ሳህኖቼ እግር አወጡ! እነ ፎዚያ ቤት የገባ ሳህን አይወጣም አሉ!» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፎዚያ ቀና አላለችም፤ እጇ ግን ማሸቱን ተወ፣ ውሃው ዝም ብሎ እጇ ላይ ይፈሳል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ወዲያው ነው የታወቀኝ። ያቺ ቃል የእኔ አይደለችማ። ልጅ ሆኜ በእናቴ ላይ ስትነገር የሰማኋት ቃል ናት፣ «እነ ሙሚና ቤት የገባ ሳህን አይወጣም»። ስንት ዘመን ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ፣ እኔ ስጠግብ ጊዜ ጠብቃ በእኔ አፍ ወጣች። አስተግፊሩላህ።

ያኔ የከተማዋ ስም አሰበ ተፈሪ ነበር፤ አፌ ዛሬም ሲቸኩል ወደዚያው ይሄዳል። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። ከአርበረከቴ ዳገት የሚወርዱት የሐረር አውቶቡሶች ለምሳ ሲቆሙ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ራዲዮኑን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ እኛ ሕፃናት ዘፈኑን የምንማረው እዚያ በር ላይ ቆመን ነው። አንድ የፍቅር ዘፈን ነበረ፣ ቃሉን ዛሬ ረስቼዋለሁ፣ ዜማውን ግን ሽንኩርት ስከትፍ ሳላውቀው አዜመዋለሁ። ሴቶቹ ስስ ድሪያ ለብሰው ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ ይነፋዋል፤ ወንዱ ሽርጥ በበረባሶ ነው፤ እኛ ኮንጎ ጫማ ያገኘን ቀን ዒድ ነው። አባቴ ጫት አሳሪ ነበር። ከሰዓት የጫት መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ሳይነሱ፣ እግሩን አጥፎ ተቀምጦ ጫቱን በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላል። ማታ እጁ የሙዝ ቅጠል ይሸታል፤ ዳቦ ሲገዛልን ዳቦው ራሱ የሙዝ ቅጠል ይሸተን ነበር።

የምንኖረው ሁለት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን እኛ፣ በሌላው ወገን እትዬ አስቴር። እትዬ አስቴር ጴንጤ ነበረች፤ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ የአበባ ቴትሮን ቀሚስ የማይለያት፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች መዝሙር የምትዘምር፣ ቀይ፣ ወፍራም፣ ደግ ሴት። ደግነቷ ነው ጣጣ ያመጣብን፤ እመጣበታለሁ።

በፊት ስለ እናቴ ማድቤት ላውራ። እናቴ ሙሚና ከምንም ነገር ወጥ የምታወጣ ሴት ነበረች። የስሙኒ ሽንኩርት ገዝታ ሳምንት ታደርሰው ነበር፤ አንዱን ራስ ለሁለት ትሰነጥቀውና ግማሹን ለነገ ክዳን ሥር ትደብቀዋለች። ዘይት በሲኒ ነው የሚገዛው፤ ድስቱ ውስጥ አታፈሰውም፣ በጨርቅ ታስነካዋለች። ድንቹን ከነልጣጩ ትቀቅልና፣ እርድ ጨምራ፣ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጣ መረቁን ታወፍርበታለች፤ «ድንች ራሱን በራሱ ወጥ ያደርጋል፣ ሥጋ ግን ሰው ይፈልጋል» ትላለች። የገበያ ማግሥት፣ ነጋዴዎቹ ቆርጠው የጣሉትን የጎመን ግንድ እንድንለቅም ትልከናለች፤ ውጩን ስትልጠው ውስጡ ነጭና ጣፋጭ ነው። በደሳ ያለችው አክስቴ የቡና ቅጠል ትልክልን ነበር። እሱን አፍልታ ጨው ጣል ታደርግበትና በትልቁ ሲኒ ታጠጣናለች፤ ቁጢ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ሆድን ያታልላል። በጣም ሲከፋ ማሽላው ሳይፈጭ ይቀቀላል፣ ሹሞ ይሆናል፤ ሹሞ ደግሞ ቶሎ አያልቅም፣ ጥርስ ያደክማልና። ዛሬ ገበያ ወጥቼ የሽንኩርት ዋጋ ስሰማ የእናቴ እጅ ይመጣብኛል፤ ሳላስበው አንዱን ራስ ለሁለት እሰነጥቃለሁ።

የጥበቧ ቁንጮ ግን ሁልበት ነበር። አብሽ ማለት ነው፤ እኛ ሐረርጌዎች ሁልበት ነው የምንለው። አንዲት ማንኪያ የአብሽ ዱቄት ውሃ ውስጥ ታሳድራለች፣ መራራው እስኪለቅ ውሃውን ትደፋለች፣ ከዚያ በእጇ ትመታዋለች። ቹፍ፣ ቹፍ፣ ቹፍ እያለ ይነጣል፣ ያብጣል፣ ገበታውን ሞልቶ ይቆማል። ሎሚ፣ ጨው፣ ቃሪያ። ከአንዲት ማንኪያ ለቤት ሙሉ ሰው የሚበቃ ማባያ ይወጣል፤ ለዓይን ማለቴ ነው እንጂ ለሆድስ አረፋ ነው። እኛ ልጆች ዙሪያዋን ከበን ሲያድግ እያየን እንደሰት ነበር።

እናቴ ሌላም ያስተማረችን ነገር አለ። ከቤት ስንወጣ፣ ሻሻችንን እያስተካከለች፣ «ሰው ኑ ብሉ ካላችሁ ምን ትላላችሁ?» ትለናለች። «በልተናል፣ አልሃምዱሊላህ» እንላለን በአንድ ድምፅ። ቁርአን ቤት ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ያቺን አወቅናት። ወንድሜ አንድ ቀን «ካልበላንስ?» ብሎ ጠይቆ ጆሮውን ተቆንጥጧል። በልተናል ማለት ከረሃብ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ስማችንን መሸፈኛ ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ። በእኛ ሰፈር ጎረቤት ምግብ ልኮልህ ሳህኑን ባዶ አትመልስም። ያለህን ታደርግበታለህ፤ ቂጣም ይሁን፣ ቆሎም ይሁን፣ አንድ እፍኝ ቃሪያም ይሁን። ባዶውን ከመለስክ «ከእንግዲህ አትላኪ፣ ተቆራርጠናል» ማለት ነው። ሕጉ ያማረ ሕግ ነው፣ ላለው ሰው። እትዬ አስቴር ዳቦ ስትጋግር ለእኛ ትልካለች፣ እናቴም ሳህኑ ላይ ሁልበት ወይ ቂጣ አድርጋ ትመልሳለች። ሥጋ ብቻ አይሻገርም። እኛ የእነሱን እርድ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ ጴንጤ ግድ የለውም የሚል ሰው ሰምቻለሁ፣ እትዬ አስቴር ግን በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር። ስለዚህ በዒድ የእኛ ሳምቡሳ ለእሷ ሲባል በምስር ይጠቀለላል፣ በገና የእሷ ዳቦ ይመጣል፣ ማንም ቅር አይለውም። ሳህኖቿ ከድሬዳዋ በባቡር የመጡ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ፣ መሐላቸው ላይ ቀይ አበባ ያለባቸው የብረት ሳህኖች ናቸው። አበባው የሚታየው ምግቡን ስትጨርስ ስለሆነ፣ እኔና ወንድሜ እንሽቀዳደም ነበር።

ከዚያ አባቴ ወገቡን ታመመ። ጎንበስ ማለት ያቃተው ሰው ጫት አያስርም። የቆላ ሙቀት ለወገብ ይበጃል ብለው ሚኤሶ ወንድሙ ዘንድ ወሰዱት፤ እዚያ ደግሞ ያ ዓመት ዝናቡ ጠፍቶ ማሽላው ደርቆ ስለነበር፣ ከዚያ ለእኛ የሚላክ ነገር አልነበረም። እትዬ አስቴር ይህንን ሰማች። እንዴት ዝም ትበል? መላክ ጀመረች። ዳቦ፣ ሩዝ፣ አንድ ቀን ጣፋጭ ገንፎ። እኛ በላን፤ ሳህኖቹ ቀሩ። እናቴ እያንዳንዱን አጥባ፣ ወልውላ፣ መደርደሪያው ላይ ግድግዳውን አስደግፋ ታቆመዋለች። «ነገ የሚደረግበት ሲገኝ» ትላለች። አይገኝም። ሌላ ሳህን ይመጣል። እናቴ አንድ ምሽት የተደረደሩትን ቀይ አበቦች እያየች፣ «ይህች ሴት በደግነቷ ልታዋርደኝ ነው» ብላ ስታለቅስ አየኋት። የአረፋ ለት ደግሞ አንድ ሀብታም ሐጂ ለሰፈሩ ድሃ አከፋፍሎ ለእኛም ሥጋ ደረሰን። ቤታችን ምግብ ሞልቶ የዋለባት አንዲት ቀን እሷ ናት፤ እሱም ሳህኑ ላይ ሊደረግ የማይችለው ነገር ሆነ። ሥጋውን እየበላን ሳህኖቹ ከግድግዳው ላይ ያዩናል።

አንድ ቀን ጠዋት የእትዬ አስቴር ልጅ ማርታ መጣች። የእኔው እኩያ ናት፣ እግሯን እያሻሸች፣ «እማዬ እንግዳ አለብን፣ ሳህን ካለ አምጪ ብላኛለች» አለች። እናቴ ፊቷ ደም መሰለ። «ነገ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ በያት ልጄ» አለቻት። ማርታ ባዶ እጇን ሄደች። ነገም አልሆነም። ከዚያ ቦኖ ውሃ ተሰልፈን፣ አንዲት ሴት እኛን ሳታይ ይሁን አይታ፣ «እነ ሙሚና ቤት የገባ ሳህን አይወጣም፣ ይበሉታል መሰለኝ» አለች። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እናቴ እንስራዋን ሳትሞላ አንስታ፣ እጄን ይዛ ሄደች።

ቤት እንደደረስን ለራታችን የተዘፈዘፈችውን አብሽ አወጣች። «ለምንድነው አሁን? ገና ከሰዓት ነው እኮ» አልኳት። «ዝም በይ፣ ሎሚዋን አምጪ» አለችኝ። መታችው። ሳህኖቹን ሁሉ እንዲሞላ ውሃ ጨመረች፣ መታችው፣ ደግሞ ጨመረች፣ መታችው፣ ላብ ከግንባሯ ይወርዳል። ሞላ! ወላሂ ሁሉም ሳህን ሞላ፤ ነጭ፣ ክምር ያለ፣ አናቱ ላይ ቀይ ቃሪያ ጣል የተደረገበት፣ አንዱም አበባ አይታይም። እናቴ ለብዙ ወር ያላየሁትን ሳቅ ሳቀች። በሰፊ ትሪ ደርድራ አሸከመችኝ። «ቀስ ብለሽ፣ ከእናቴ ነው በይ፣ ስለቆየ አፉ በይኝ ብላለች በይ።»

እትዬ አስቴር ቤቷ የለችም። ጸሎት ሄዳለች፣ ማርታንም ይዛ። ልመለስ ነበር፤ ግን ያንን ሳቅ ይዤ እንዴት ልመለስ? በሯ ላይ ከተወጠረው ሸራ ሥር ትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ መጣች፣ ዞርኩ፤ ተከተለችኝ፣ ደግሞ ዞርኩ። ሁልበት ደግሞ ጓደኛ አይጠብቅም፣ በተለይ ውሃ የበዛበት። መጀመሪያ ቃሪያዎቹ ሰመጡ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ውሃ ለቀቀ። እፍ እፍ ብዬ ላቆመው ሞከርኩ፣ በጣቴ መታሁት፣ ባሰበት። ዓይኔ እያየ ወረደ፤ ወረደ፤ ቀይ አበባዎቹ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። እትዬ አስቴር መጽሐፏን በክንዷ አቅፋ ስትመጣ ሳህኖቹ ላይ የቀረው ቢጫ ውሃና የተለጠፈ አረፋ ነው።

አየችው። ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ደጋግሜ እላለሁ፣ ክፉ ሴት አይደለችም። ጎንበስ ብላ ትሪውን ከላዬ አነሳችልኝና፣ በለሆሳስ፣ ልጇ እንዳትሰማ፣ «የእኔ ልጅ፣ ሳህን እኮ ታጥቦ ነው የሚመለስ» አለችኝ። ያልታጠበ ሳህን መሰላት! የራታችንን፣ የእናቴን ላብ፣ የሳህን እድፍ መሰላት። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ምን ልበላት? ምግብ ነበር ልበላት? እሺ እትዬ ብዬ ሮጥሁ። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እናቴ በር ላይ ትጠብቀኛለች። «ምን አለች?» አለችኝ። ፊቷን አየሁት፤ ያ ሳቅ አሁንም አለ። «በጣም ጣፈጠ፣ እጅሽ ይባረክ አለች» አልኳት። እናቴ አልሃምዱሊላህ ብላ ተቀመጠች። ያን ምሽት ቁጢ ጠጥተን ተኛን፤ ወንድሜ እንኳ አላጉረመረመም። አባቴ ድኖ ተመለሰ፣ እትዬ አስቴርም ከጊዜ በኋላ ቤት ለቃ ሄደች። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ፣ ሁልበት በመታች ቁጥር፣ «አስቴር ሁልበቴን እንዴት ትወድ ነበር!» ትል ነበር። ሰው ፊት ትለዋለች፣ በኩራት። እኔ ዓይኔን ጣሪያ ላይ እሰቅላለሁ።

እንግዲህ የዚያች ሴት ልጅ ነኝ። ከሰው ሁሉ ይልቅ እኔ ማወቅ አልነበረብኝም? የፎዚያ ባል የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ መኪናው ከቆመ ሰንብቷል፣ እሱም በር ላይ ተቀምጦ ሲውል አየዋለሁ። ከክፍሏ ሽንኩርት ሲቁላላ ከሸተተኝ ስንት ጊዜው ነው? የሹሞ ሽታ ግን በየቀኑ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ልጅነቴን አስታወሰኝ ብዬ ደስ ይለኛል፣ አይ እኔ ዘሃራ! ባለፈው ሳምንት የሳህን ነገር ትዝ ብሎኝ በሯ ላይ ብቅ ብል፣ ሳህኖቼ ታጥበው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አየኋቸው። በዓይኔ አየኋቸው፤ እሷም እንዳየሁ አይታ «አዴ ዘሃራ፣ ነገ አመጣለሁ» አለችኝ። ያንን «ነገ» አላወቅሁትም። ጥጋብ ዓይን ያሳውራል ሲሉ ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ቦኖው ጋ የሳቀችብንን ሴት ዕድሜዬን ሙሉ ስረግማት ኖሬ፣ ለካ እሷም እንደ እኔ ሽንኩርት ስትልጥ የዋለች፣ ጨዋታ ያማራት ሴት ነበረች።

ዛሬ ከሰዓት ከፌስታሉ ፊት ተነሳሁ። ሁልበት ላድርግ ብዬ አልደፈርሁም፣ ሁልበትን አላምነውም። እንደ እናቴ ድንቹን ከነልጣጩ ቀቀልኩ፣ እርድ አደረግሁ፣ ዘይቱን ግን በጨርቅ ሳይሆን አፈሰስኩት፣ ይፍሰስ። የማሽላ እንጀራ ጠቅልዬ፣ ከተመለሱት ሳህኖች ትልቁን ሞላሁ። ቤቷ ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ፣ ከልጆቿ ጋር እበላለሁ፣ ከዚያ ይቅር በይኝ እላታለሁ፣ «ሳህኑ እዚህ ይኑር፣ የማይመለስ ይሁን» እላታለሁ ብዬ እየተለማመድሁ ግቢውን ተሻገርሁ። ከአስር ሶላት በኋላ ነው፣ የጫት መኪኖቹ ጡሩምባ ከመንገድ ይሰማል።

አንኳኳሁ። ፎዚያ በሩን ገርበብ አደረገችው። ዓይኗ አብጧል። ሳህኑን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ሰበረች፣ ሻሿን አስተካከለች። የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ፎዚያ፣ ልጄ፣ ትንሽ ነገር ነው፣ ለልጆቹ» አልኩ።

«ኧረ አዴ፣ ለምን ይደክማሉ» አለችኝ፣ በአክብሮት፣ በሩን ሳትከፍት። «በልተናል፣ አልሃምዱሊላህ።»

ከቀሚሷ ኋላ ትንሿ ልጇ አንገቷን አወጣች። ድንቹን አየች፣ እናቷን ቀና ብላ አየች።

«መቼ?» አለች።